የጃማይካ ማዕድ በየቀኑና በየመንገዱ

ከብርድ ሸሽቶ ወይም ከዓመት ሥራ ለማረፍ ወደ ጃማይካ የሚሄድ መንገደኛ፣ በተለይም በሰሜኑና በምዕራቡ ጠረፍ በሞንቴጎ ቤይ፣ በኦቾ ሪዮስ ወይም በኔግሪል ካሉት ታላላቅ ሆቴሎች በአንዱ የሚያርፍ እንደ ሆነ፣ የአልጋውንም የመጠጡንም የሦስቱንም ማዕድ ዋጋ ገና ከቤቱ ሳይነሣ ባንድነት ከፍሎ ስለሚመጣ፣ ከሆቴሉ አጥር ወጥቶ ሌላ ምግብ መፈለግ ለአንድ ጉርሻ ሁለት ጊዜ መክፈል ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህም ሳምንቱን ሙሉ ከረጅሙ ገበታ እያነሣ ይበላል። ምግቡ ንጹሕ ነው፣ የተትረፈረፈም ነው፤ ነገር ግን ያው ፓስታ፣ ያው የተጠበሰ ድንችና ያው ቅመም የራቀው ሥጋ በሌላውም ባሕር ዳርቻ በተሠራ ሆቴል ሁሉ የሚገኝ በመሆኑ፣ እንግዳው የደሴቲቱን ተራራ አይቶ በባሕሯም ታጥቦ፣ የሕዝቧን ማዕድ ግን ሳይቀምስ ይመለሳል። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን እንደ ታላቅ ጉድለት አየዋለሁ፤ ምክንያቱም በግዞትና በባርነት ወደዚያች ደሴት የተጋዘው ሕዝብ፣ ሌላው ሁሉ ተወስዶበት ሳለ፣ በገዛ እጁ ካፈራቸው ሀብቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ምግቡ ነውና።

እንግዲህ የአገሩን ምግብ ለመቅመስ የወጣ ሰው ምን ብሎ ይጠይቅ? አብዛኛው እንግዳ የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚበልጠው ምግብ ቤት የቱ ነው?» ብሎ ነው፤ ይህም ጥያቄ ለእንግዶች ተብሎ ወደ ተዘጋጀ ሌላ አዳራሽ ይመራዋል። በጃማይካ ግን ምግብ ሁሉ የራሱ ቀን፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ መንገድ አለው፤ ቅዳሜ የሚበስለው እሑድ አይበስልም፤ በምሥራቁ ጠረፍ የከበረው በምዕራቡ ሲገኝም እንደ ቦታው አይሆንም። ስለዚህ «ዛሬ ምን ይበስላል? በየትኛው መንገድ? በስንት ሰዓትስ ያልቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ከድስቱ ዘንድ ይደርሳል።

ይህ ሥርዓት እንዲያው በልማድ ብቻ የመጣ አይደለም። ኮሎምቦስ በ1494 ወደ ደሴቲቱ ሲደርስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታይኖ የተባሉት ነባር ነዋሪዎች ካሳቫን ፍቀው፣ መርዝ ያለበትን ውሃ ጨምቀው፣ ቂጣ እያደረጉ ይጋግሩ ነበር፤ እነርሱ በግፍና በበሽታ ቢመነምኑም ቂጣቸው ባሚ በሚል ስም እስከ ዛሬ ከዓሣ ጋር ይቀርባል። እንግሊዞች በ1655 ደሴቲቱን ከእስፓኝ እጅ ከነጠቁ በኋላ ለም የሆነው ሜዳ ሁሉ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆነ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ታፍሰው የመጡት በባርነት የተያዙ ሰዎችም ቀኑን ሙሉ ለጌታው አገዳ ሲቆርጡ ውለው፣ የሚበሉትን ራሳቸው እንዲያመርቱ ለስኳር የማይመች ገደላማና ድንጋያማ መሬት ይሰጣቸው ነበር። በዚያ ገደል ላይ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ካሳቫ፣ ሙዝና አደንጓሬ ተከሉ፤ ከዕለት ጉርሳቸው የተረፈውንም በእሑድ ቀን፣ እርሱም ብቸኛው የዕረፍት ቀናቸው ነበር፣ ወደ ገበያ አውጥተው ይሸጡ ነበር። ጌቶቹ የሚጨምሩላቸው ከሰሜን አሜሪካ በመርከብ የሚመጣ በጨው የደረቀ ርካሽ ዓሣ ነበር። የዛሬው የጃማይካ ገበታ ዋና ዋና ክፍሎች ከዚህ የተገኙ ናቸው፤ ከገደሉ ሥራ ሥሩ፣ ከመርከቡ ደረቅ ዓሣው። በኪንግስተን ከተማ ኮሮኔሽን በሚባለው ታላቅ ገበያ ቅዳሜ በማለዳ የተገኘ ሰው፣ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች የቦዬውንና የጎደሬውን ክምር ከፊታቸው አድርገው ሲሸጡ ያያል፤ የዚያ የእሑድ ገበያ ቀጥተኛ ወራሾች እነርሱ ናቸው።

ስለ ቦዬ ካነሣን አይቀር፣ ለሩጫ ልቡ ለሚመታ የአገራችን አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ኡሴን ቦልት በ2008 በቤጂንግ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ባሸነፈ ጊዜ፣ አባቱ የልጃቸው ፍጥነት ከየት መጣ ተብለው ቢጠየቁ በተወለደበት በትሬላውኒ አውራጃ የሚበቅለውን ቦዬ አመስግነዋል። ሊቃውንት ይህን ነገር ቢመረምሩት ምን እንደሚሉ ለእነርሱ ትቼ፣ የትሬላውኒ ቢጫ ቦዬ ተቀቅሎ በትኩሱ ሲበላ ጠንከር ያለና ሆድ የሚሞላ ምግብ መሆኑን ግን ለመመስከር ይቻላል።

የጃማይካ ቀን በአኪ ይጀመራል። አኪ ከምዕራብ አፍሪካ በ18ኛው መቶ ዓመት የመጣ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ቀይ ሆኖ ከቅርንጫፉ ይንጠለጠላል፤ ሲበስልም ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ሦስት ቦታ ይከፈትና፣ በውስጡ በቅቤ መልክ ቢጫ የሆነ ሥጋና በላዩ የተቀመጠ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘር ይታያል። ራሱን ሳይከፍት በግድ የተከፈተ አኪ ግን ሃይፖግላይሲን የተባለ መርዝ ስላለበት፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር አውርዶ ሰውን ያስመልሳል፣ አልፎም ይገድላል፤ ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ መንግሥት በጣሳ የታሸገው አኪ ወደ አገሩ እንዳይገባ ለረጅም ዘመን ከልክሎት ኖሯል። የጃማይካ ሴቶች ግን ይህን የሚያውቁት ከእናቶቻቸው ነው። ዛፉ ሥር ቆመው ራሱን የከፈተውን ብቻ ይለቅማሉ፤ ጥቁሩን ዘር ይጥላሉ፤ ከቢጫው ሥጋ ስንጥቅ ውስጥ የተሸጎጠውን ቀላ ያለ ስስ ሽፋን በጥፍራቸው ወይም በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ እየፈለቀቁ ያወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀቅለው ውሃውን ይደፋሉ። ደረቁ ዓሣም ጨው እስኪለቅ ድረስ ሲዘፈዘፍ አድሮና ተቀቅሎ፣ አጥንቱ ተለቅሞ ከተፈረፈረ በኋላ፣ በዘይት ከጠወለገ ሽንኩርት፣ ከቲማቲም፣ ከጦስኝና ስኮች ቦኔት ከሚባለው ኃይለኛ በርበሬ ጋር ይቀላቀላል፤ አኪው በመጨረሻ ይገባል፤ ሲማሰልም በእርጋታ ነው፣ አለዚያ ይፈርሳል። ለሚያየው ሰው እንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ጣዕሙ ግን የራሱ ብቻ ነው። ከጎኑ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ፣ የተጠበሰ ሊጥና በእሳት ላይ የተጠበሰ ብሬድፍሩት የተባለ ክብ ፍሬ ይቀርባል።

ብሬድፍሩት ራሱ ታሪክ ያለው ፍሬ ነው። በስኳር እርሻው የሚሠሩትን በርካሽ ለመመገብ ሲባል ካፒቴን ዊልያም ብላይ ከታሂቲ ችግኙን እንዲያመጣ ታዘዘ፤ በ1789 ባውንቲ በተባለው መርከብ ላይ መርከበኞቹ ዐምፀውበት ሙከራው ከሸፈ፤ ሁለተኛ ጊዜ ተልኮ በ1793 ጃማይካ አደረሰው። ሊቃውንተ ዕፀዋት ለአኪ ዛፍ የሰጡት የላቲን ስምም ከዚሁ ከብላይ ስም የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ በአንድ የጃማይካ ቁርስ ሰሐን ላይ አፍሪካ፣ የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶችና የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ይገናኛሉ። ይህን ቁርስ ለማግኘት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ኩክሾፕ ወደሚባለው ትንሽ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት መሄድ ይበቃል። እነዚህ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ፣ አራት ወይም አምስት ድስት የተጣደባቸው ናቸው፤ የምግቡም ዝርዝር በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል፣ ወይም ባለቤቲቱ በቃሏ ትናገረዋለች። ወደ ውስጥ የገባ ሰው አስቀድሞ «እንደምን አደራችሁ» ሳይል ምግብ ቢያዝዝ ባለጌ ይባላል፤ የሰላምታ ነገር በጃማይካ የዋዛ አይደለም፤ በዚህ ረገድ የእኛ ሰው ብዙ መማር አያስፈልገውም።

በቀትር ጊዜ እነዚሁ ቤቶች የፍየል ካሪ፣ በቡናማ መረቅ የተሠራ ዶሮና ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የበሬ ጭራ ይሸጣሉ። የፍየሉ ካሪ ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላ የእርሻ ባለቤቶች የጉልበት ሠራተኛ ፍለጋ ከሕንድ ያስመጧቸው ሰዎች ትሩፋት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በ1845 ደረሱ። ዛሬ ግን ያለ ፍየል ካሪ ሠርግም ሆነ የለቅሶ ሌሊት አይሆንም፤ ከፍየሉ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ የሚሠራው ሾርባም ለወንዶች ኃይል ይሰጣል እየተባለ በትልቅ በርሜል ይፈላል። ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚመጣ እንግዳ የሚያገኘው የተረፈውን ነው፤ በተለይ የበሬው ጭራ ቶሎ ያልቃል። ቅዳሜ ድስቱ ይለወጥና የሾርባ ቀን ይሆናል፤ ዱባ፣ ቦዬ፣ ጎደሬና የሊጥ ቁራጭ ከሥጋ ወይም ከቀይ አደንጓሬ ጋር አብሮ ይፈላል። እሑድ ደግሞ ሩዝ ከአደንጓሬ ጋር በኮኮናት ወተት፣ በጦስኝና ሳይፈነዳ እንዲሁ በድስቱ ላይ በተንሳፈፈ አንድ ስኮች ቦኔት ይበስላል፤ ብዙ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየቤቱ ስለሚበላ ብዙዎቹ ኩክሾፖች ይዘጋሉ፤ እንግዳው የእሑዱን ማዕድ በደንብ የሚያገኘው ጃማይካዊ ወዳጅ ሲጠራው ነው፤ ከተጠራም ምክንያት ሳይፈጥር ይሂድ።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ በዓለም የታወቀው የጃማይካ ምግብ ጀርክ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በሐሰት የሚሸጠውም እርሱ ነው። ከምድጃ በወጣ ዶሮ ላይ ከጠርሙስ የፈሰሰ ቀይ መረቅ ጀርክ ተብሎ በየአገሩ ይቀርባል። እውነተኛውን የሚፈልግ ሰው በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ፖርትላንድ አውራጃ ሄዶ፣ ከፖርት አንቶኒዮ ከተማ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ባለችው በቦስተን ቤይ ይቁም። በዚያ በመንገዱ ዳር እሳቱ ከመሬት አጠገብ ይነድዳል፤ በፍሙ ላይ የብረት መጥበሻ አይዘረጋም፣ የፒሜንቶ ዛፍ እርጥብ ግንዶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ እንጂ። ፒሜንቶ በደሴቲቱ ጥንትም የነበረች ዛፍ ናት፤ የደረቀ ፍሬዋ ቅርንፉድን፣ ቀረፋንና ገውዝን ባንድነት ያሸታል። ሥጋው በፒሜንቶ ፍሬ፣ በስኮች ቦኔት፣ በጦስኝ፣ በአረንጓዴ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጨው ታሽቶ ካደረ በኋላ በግንዶቹ ላይ ይተኛል፤ በላዩ ቆርቆሮ ይደፋበታል፤ ጢሱም ከቆርቆሮው ጠርዝ እየወጣ፣ ስቡም በፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ለሰዓታት በዝግታ ይበስላል። ሻጩ የበሰለውን በእንጨት ላይ አጋድሞ በከባድ መጥረቢያ መሰል ቢላ ከነአጥንቱ ይከትፈዋል፤ በወረቀት ጠቅልሎም በክብደት ይሸጠዋል። ሥጋው ውጪው የጠቆረ፣ ውስጡ እርጥብ ነው፤ በርበሬውም መጀመሪያ ጣፋጭ መስሎ ገብቶ ቆይቶ ይነድዳል፤ በበርበሬ ያደገ ምላስ እንኳ ይፈተናል።

የዚህ ጥበብ ባለቤቶች ማሩን የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። እነርሱም ከባርነት አምልጠው ብሉ ማውንቴን ወደሚባሉት ተራሮች ገደላማ ጫካ የገቡ፣ በዚያም የታይኖን ጥበብ ወርሰው እስፓኞች ያመጡትንና ዱር የገባውን እሪያ እያደኑ የኖሩ ነጻ ሰዎች ናቸው። ሥጋው ሳይበላሽ እንዲቆይ በጨውና በቅመም ያሹት ነበር፤ ጢሱም መሸሸጊያቸውን ለእንግሊዝ ወታደር እንዳያመለክት በጉድጓድ ሸፍነው ያበስሉት እንደ ነበር ይነገራል። እንግሊዞች ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ ከ1739 ጀምሮ ነጻነታቸውን በውል አጸደቁላቸው። የምሥራቆቹ ማሩኖች መሪ የነበረችው ናኒ ዛሬ በጃማይካ የ500 ዶላር ኖት ላይ ሥዕሏ ይታያል። ከዚህ የማሩኖች አደን የምንረዳው የጀርክ መሠረቱ እሪያ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም እሪያ የማይበላ አንባቢያችን በቦስተን ቤይ ዶሮ ሲያዝዝ፣ ዶሮው ከእሪያው ጋር በአንድ እሳት፣ በአንድ ቢላና በአንድ እንጨት የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ ይህ የሚከብደው ከሆነም በኪንግስተን በሬድ ሂልስ መንገድ ማታ ማታ፣ በተለይም ዓርብና ቅዳሜ፣ የዘይት በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው ዶሮ ብቻ ከሚጠብሱት ሰዎች ይግዛ። ጥሩውን የሚያውቀው ወረፋውን በማየት ነው፤ ከሥራ የሚመለሱ የአገሩ ሰዎች ቆመው የሚጠብቁት በርሜል አይስትም።

ዓሣ የሚወድ ሰው ከኪንግስተን ሳይርቅ ከፖርትሞር ባሻገር ወደ ሄልሻየር ይውረድ። ባሕሩ የአሸዋውን ብዙ ክፍል ከዓመት ዓመት በልቶታል፤ ጎጆዎቹ ግን ዛሬም ዓሣ ይጠብሳሉ። ገዢው ገና ጥሬውን ከበረዶ ውስጥ ይመርጣል፤ ዓሣው ይመዘናል፤ ዋጋው መነገር ያለበት በዚህ ጊዜ ነው፣ ከተጠበሰ በኋላ የሚነሣ ክርክር ለሁለቱም ወገን አያምርምና። ከዚያ ዓሣው ከነጭንቅላቱ ደርቆ ይጠበስና፣ በሆምጣጤ የራሰ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ስኮች ቦኔትና የፒሜንቶ ፍሬ ይደፋበታል፤ በኮኮናት ወተት ተነክሮ የተጠበሰ ባሚና ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ጣፋጭ የሊጥ ጥብስ ያጅበዋል። በዚህ ላይ የማሳስበው ነገር አለ። በቀቀን ዓሣ የሚባለው ባለ ብዙ ኅብር ዓሣ ሪፍ በሚባለው የባሕር ውስጥ ዛጎላማ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየበላ ድንጋዩን ከሞት የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ሌላ እስካለ ድረስ እርሱን ባይመርጡ መልካም ነው፤ አንበሳ ዓሣ የተባለው መጤ አጥፊ ሲገኝ ግን መብላቱ ለባሕሩ ውለታ ነው። ሎብስተርም ከሚያዝያ 1 እስከ ሰኔ 30 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳይያዝ በሕግ ተከልክሏል፤ በእነዚያ ወራት አዲስ የተያዘ ሎብስተር የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ እንግዳው እምቢ ይበል።

በመንገድ ዳር የሚሸጥ ምግብ መኪና በተላለፈበት ያብባል፣ መኪና በራቀበት ይጠወልጋል። ከኪንግስተን ወደ ኦቾ ሪዮስ በሚያልፈው ተራራማ መንገድ ላይ ፌይዝስ ፔን የሚባል የሻጮች መንደር አለ፤ የተጠበሰ ቦዬ በደረቅ ዓሣ፣ የተጠበሰ በቆሎና ትኩስ ሾርባ መንገደኛው ሁሉ ይወስድ ነበር። በ2016 አዲሱ ባለ ክፍያ አውራ ጎዳና ሲከፈት ግን መኪናው ሁሉ ወደዚያ ዞረና የሻጮቹ ገበያ ቀዘቀዘ። ቸኩሎ ካልሆነ በስተቀር እንግዳው በአሮጌው መንገድ እንዲሄድ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሚዘገየው ጥቂት ነው፤ የሚበላው ግን በአዲሱ ጎዳና ላይ የለም። በምዕራብ በኩል በሴንት ኤልሳቤጥ አውራጃ ሚድል ኳርተርስ በተባለች መንደር ደግሞ ሴቶች ብላክ ሪቨር ከተባለው ወንዝ የሚጠመደውን ሽሪምፕ በበርበሬና በጨው ቀቅለው፣ ቀይ እንደ ሆነ በትናንሽ ላስቲክ ከረጢት ለመኪና መስኮት ያቀርባሉ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ይህን ያልፈዋል። ይህ የምዕራቡ ክፍል ጥቅምት 28 ቀን 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜሊሳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በከፍተኛው ደረጃ የመታው፣ ብላክ ሪቨር ከተማም ክፉኛ የፈራረሰችበት ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ማን እንደ ተነሣ ማንስ ገና በመጠገን ላይ እንዳለ ጠይቆ ይሂድ፤ ሽያጭ የጀመረች ሴት ካገኘም ሳይከራከር ከእርሷ ይግዛ።

ለአንባቢያችን ከሁሉ የቀረበው የጃማይካ ገበታ የራስ ተፈሪያኑ አይታል ነው። ራስ ተፈሪያኑ የሚያከብሯቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አፕሪል 21 ቀን 1966፣ ኪንግስተን ሲደርሱ በአውሮፕላን ማረፊያው የጠበቃቸው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ነበር ከአውሮፕላኑ ለመውረድ እንኳ ጊዜ ፈጅቶባቸው ነበር፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ በራስ ተፈሪያን ዘንድ በዓል ነው። በ1970 ደግሞ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ተልከው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጃማይካ ተመሠረተች። ከራስ ተፈሪያን ብዙዎቹ የብሉይ ኪዳንን የመባልዕት ሕግጋት ስለሚጠብቁ እሪያን፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውንም የባሕር እንስሳ አይበሉም፤ አጥብቀው የሚጠብቁት ደግሞ ሥጋን ፈጽመው ይተዋሉ፣ ጨውንም አይጨምሩም። ስለዚህ አይታል ድስት ማለት ዱባ፣ ቀይ አደንጓሬ፣ ካላሉ የሚባል ጎመን መሰል ቅጠል፣ ቦዬና ጎደሬ በኮኮናት ወተት፣ በጦስኝና በስኮች ቦኔት ቀስ ብሎ የፈላበት ነው፤ ብዙ ጊዜም በቅል ይቀርባል። የጨውን ቦታ ቅመሙና የኮኮናቱ ቅባት ስለሚተኩት፣ መጀመሪያ አልጫ የመሰለው ሰው ከጥቂት ጉርሻ በኋላ የየአንዳንዱን አዝርዕት ጣዕም ለይቶ ያገኘዋል። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ወይም በዐቢይ ጾም ለሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ በደሴቲቱ አይገኝም።

ጸዋሚ በተለመደው ኩክሾፕ ግን ይጠንቀቅ። ቅጠል ብቻ የሚመስለው ካላሉ ብዙ ጊዜ በደረቅ ዓሣ ይሠራል፤ የአደንጓሬው ወጥ ጨው የገባበት የእሪያ ጭራ ወይም ሥጋ ይኖረዋል፤ በሩዙም ውስጥ አንዳንድ ባለሙያ ለጣዕም ሲል ሥጋ ይጨምራል። «ሥጋ አለበት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ጨው የገባበት ጭራ ለማጣፈጫ እንጂ እንደ ሥጋ ላይቆጠር ይችላልና «አይታል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ይህን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፣ መልሱም እውነተኛ ነው። በምዕራባውያን ፋሲካ ሰሞን የሚበላው ዘቢብና ቅመም የገባበት ዳቦ ከአይብ ጋር ስለሆነ፣ የእኛ ጾም ገና ካላለቀ ዳቦውን እንጂ አይቡን አይቀበሉም፤ ዳቦውም ወተትና ቅቤ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቀው ይግዙ። በገና ሰሞን የሚጠጣው ሶረል ግን ከርከዴ ራሱ ነው፤ በዝንጅብል ይዘፈዘፋል፤ ሮም የተባለው የአገዳ አረቄ ይጨመርበታልና አልኮል የማይጠጣ ሰው ያልተጨመረበትን ይጠይቅ።

የቀረው ቡና ነው። ከእኛ ጫካ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ይህ ዛፍ ወደ ጃማይካ የገባው በ1728 ሲሆን፣ ያስመጣው የደሴቲቱ የቀድሞ ገዢ ሰር ኒኮላስ ሎዝ ነው። ከኪንግስተን በላይ ባለው፣ ጫፉ 2256 ሜትር በሆነው በብሉ ማውንቴን ሰንሰለት ጎን የሚበቅለው ቡና በዓለም ውድ ከሆኑት አንዱ ሆኗል፤ አብዛኛውም በእንጨት በርሜል እየታሸገ ወደ ውጭ አገር፣ በተለይም ወደ ጃፓን ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ በብዙ የጃማይካ ቤት ጠዋት የሚጠጣው ከካካዎ ፍሬ ተወቅጦ በቀረፋና በገውዝ የሚፈላው የቸኮላታ ሻይ፣ ወይም ዝንጅብልና ናና ነው፤ የቸኮላታው ሻይ በላዩ የካካዎ ቅባት ሲንሳፈፍበት ጥሩ እንደ ሆነ ይታወቃል። በሆቴልና በሱቅ የሚሸጠውን ቡና ግን እንግዳው ጽሕፈቱን አንብቦ ይግዛ፤ «ድብልቅ» የሚል ቃል ከተጻፈበት በውስጡ ያለው የብሉ ማውንቴን ቡና ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው። ሙሉውን የሚፈልግ ሰው ከኪንግስተን በአይሪሽ ታውንና በኒውካስል በኩል የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ሴክሽን እስከምትባለው መንደር ይዝለቅ፤ በዚያ ትናንሽ ባለ እርሻዎች የገዛ ማሳቸውን ቡና በቤታቸው ቆልተው ለመንገደኛ ያፈሉለታል፣ በከረጢትም ይሸጡለታል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከቀትር በኋላም ብዙ ጊዜ ጭጋግ ይወርድበታል፤ ስለዚህ የሚወጣ ሰው ከኪንግስተን በማለዳ ይነሣ።